የባይሳ አጥንት ሲቆጠር

የባይሳ ሙሊሳ መቃብር ተከፍቶ የተገኘው በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ጉሙ ገና ከወንጪ ሐይቅ ሳይነሳ ነው። ያገኘው ሁሊያን የሚባል ስፔናዊ ነበር። አበባ ይዞ መጥቶ ባዶ ጉድጓድ ጠበቀው። አበባውን ጥሎ ወደ ሐሮ ወንጪ መንደር ቁልቁል ሮጠና መጀመሪያ ያገኛትን ላም «አንቺ፣ ፖሊስ ጥሪ» አላት ይባላል። ሰውየው አማርኛ የለመደው አዲስ አበባ ውስጥ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ አጠገብ ተከራይቶ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚለው። እዚህ አገር ከመጣ አማርኛው የተስተካከለለት ላሟ ላይ ብቻ ነው።

ከአምቦ ሁለት መርማሪዎች መጡ። አለቃዋ ኢንስፔክተር ዶርቃስ ኤጄታ ናት፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሃል ያደገች፣ ውሸት ከአፏ የማይወጣ ሴት። «ደህና ነሽ?» ሲሏት ጥርሷን የሚያማት ከሆነ «ደህና ነኝ» ብላ አታልፍም፤ የትኛው ጥርስ እንደሆነ ትናገራለች። አብሯት የመጣው ወፍራሙ ሳጅን ፉፋ ነው። የወንጪ ፈረሶች ፉፋን ከሩቅ ሲያዩ ተዘርግተው የሞቱ ይመስላሉ ስለሚባል ቁልቁለቱን በእግሩ ወረደ።

መቃብሩ ያለው ከሟቹ ልጅ ከኦቦ ነገራ ባይሳ የእንሰት ተክል በላይ ነው። የቀበሌው ሚሊሻ ሰዉን አርቆ ይዞታል። ዶርቃስ ጉድጓዱን ዞረችው። የመቃብሩ ድንጋዮች አልተበታተኑም፤ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አፈሩ ደግሞ በትኩስ የእንሰት ቅጠል ላይ ተከምሯል፤ ቅጠሉ እንደ ምንጣፍ ተደራርቦ ተነጥፏል። ውስጡ አንዲት የጣት አጥንት እንኳ የለም።

«ሌባ ነው» አለ ፉፋ።

«ሌባ ለአፈር ቅጠል ያነጥፋል?»

«ጨዋ ሌባ ይሆናላ።»

«የቅጠሉን ነገር ለማንም እንዳትናገር።»

«ለሚስቴም?»

«በተለይ ለሚስትህ።»

ቅጠሉን በእጇ ሰብስባ በጆንያ ከተተችው። ፉፋ ላቡን እየጠረገ መንደሩን ቁልቁል አየ። መንደርተኛው በሙሉ ቆሞ ሽቅብ ያያቸዋል። አንድም ሰው አያወራም፤ በዚህ አገር ይሄ ራሱ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ዳዲ የሚባል ጀልባ ቀዛፊና አስጎብኚ አለ። ሐይቁ ውስጥ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ተደብቆ የቀረ ጉማሬ እንዳለ ለቱሪስት የሚያወራ ሰው ነው፤ ጉማሬው አሁን የሚወጣው ምሽት ላይ ዜና ለመስማት ብቻ ነው ይላል። ሁሊያን መጣና «አያቴን ፈልጋለሁ፤ ባኤዛ» አለው። አያቱ የወፍጮ መካኒክ ነበሩ፤ የስፔን ጦርነት ሲያልቅ ሸሽተው ወደዚህ አገር መጥተው፣ ከዚሁ ከምዕራብ ሸዋ አካባቢ ድምፃቸው ጠፍቶ ቀረ። ዳዲ ቀዘፋውን አቆመ።

«ባኤዛ? ባይሳ በለኛ» አለው።

ከዚያ ወደ ኦቦ ነገራ ቤት ወሰደው። ፓስፖርቱ ተገለጠ። ሁሊያን ባኤዛ ሞሊና ይላል። ያኛው ነገራ ባይሳ ሙሊሳ ነው። ስም እስከ አያት ገጠመ። እስከ አያት የገጠመን ስም ማን ይከራከራል? ሁለቱ የአንድ አባት ልጆች ናቸው ተባለ። ሁሊያን «አያቴ» ባለ ቁጥር ሰዉ «አባትህ» እያለ አረመው። ወንዱን «አንቺ» የሚል ሰው አያትና አባት ቢያምታታ ማንን ይደንቃል?

ቀስ በቀስ ሽማግሌዎቹ ማስታወስ ጀመሩ። በመጀመሪያ ሳምንት ባይሳ ትንሽ ቀላ ያለ ሰው ነበር። በሁለተኛው ዓይኑ ሰማያዊ ሆነ። ፋሲካ ሲደርስ ባይሳ ስፔንኛ እየዘፈነ ያርስ እንደነበር በጆሮው የሰማ ሰው ተገኘ። ፉፋ ይሄን ሲሰማ «ባይሳ በኦሮምኛ የሚያበዛ ማለት ነው፤ ሞቶም ዘመድ ማብዛቱን አልተወም» ብሎ ሳቀ።

ሰዉ ግን እንዲያው ለጨዋታ አይደለም የዋሸው። የነገራ የመጨረሻ ልጅ ሶረቲ የልብ ሕመምተኛ ናት። «የልቧ በር አይገጥምም» አሉ ሐኪሞቹ፤ ካልተቀደደች አትቆይም፣ ወረፋው ደግሞ ረጅም ነው። ሁሊያን ያን ቤት በጎበኘ ቀን ሁለት ነገር ተናገረ፤ የአያቱን አጥንት ወስዶ ከአያቱ ሚስት ጎን እንደሚቀብር፣ ልጅቷንም ወስዶ እንደሚያሳክማት። ሁለቱ ነገር ባንድ ቀን፣ ባንድ በርጩማ ላይ ስለተነገረ ሰዉ እንደ አንድ ነገር ሰማው።

ችግር የመጣው ከሁሊያን እህት ነው። «ያልተመረመረ አጥንት ሴት አያቴ ላይ አይጨመርም» አለች ካገሯ። ስለዚህ ዲኤንኤ የሚመረምሩ ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ ሊመጡ ተቀጠሩ። መንደርተኛው «የባይሳን አጥንት ሊቆጥሩ ይመጣሉ» አለ፤ አጥንት መቁጠር ዘር መቁጠር ነው ብሎ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ትክክል ነው። መቃብሩ ተከፍቶ የተገኘው ባለሙያዎቹ በሚመጡበት ዕለት ጠዋት ነው። አጥንቱ ካልተገኘ ሶረቲ አትሄድም፤ ካልሄደች ደግሞ… ይሄን ዓረፍተ ነገር ማንም አይጨርሰውም ነበር።

ኦቦ ነገራ ከአምቦ በሰው ተጠርቶ አቧራ ለብሶ ደረሰ። ሶረቲ ሆስፒታል ተኝታለች፣ እሱም አስታማሚ ሆኖ እዚያው ነበር። ቤቱ ጨለም ያለ ነው። ፉፋ የጭቃው መደብ ላይ ዘፍ ብሎ በቡልኮ የተጠቀለለ ነገር ላይ ክርኑን አሳረፈ።

«እዚያ አይቀመጡ ሳጅን፣ ትኋን አለው» አለ ነገራ።

«ትኋኑ የኔን ደም ቢጠጣ ስኳሩ ይጨምርበታል፤ ተዉት።»

ዶርቃስ ጠየቀች። «ትናንት ማታ የት ነበሩ ኦቦ ነገራ?»

«ልጄ ጋ። ነርሶቹ አይተውኛል። ማታም፣ ሲነጋም።»

«ይሄን ማን ያደርጋል ይላሉ?»

«ወርቅ ፈላጊዎች አሉ። ፈረንጅ ከነወርቁ ነው የሚቀበር ሲሉ ሰምቻለሁ።» ድምፁ ደረቅ ነው። «ወይ ዳዲ ነዋ። ዳዲ ዛሬ አልታየም።»

«ጠላት ነበራቸው? አባትዎ?»

«አባቴ ማንንም አልበደለም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። «አባቴ ማንንም አልበደለም።» ይሄን ሲል የሚያየው ዶርቃስን አልነበረም፤ የፉፋን ክርን ነበር።

ወርቅ ፈላጊ ሲባል በምዕራብ ሸዋ መጀመሪያ የሚጠራው ስም ሌታ ነው። ሌታ ጎጆ የምትባል ከተማ ነው የሚኖረው። የጎጆን ብርድ ለማያውቅ ሰው፣ እዚያ ጠዋት የተናገሩት ነገር በረዶ ሆኖ ይወድቅና እኩለ ቀን ላይ ሲቀልጥ ነው የሚሰማው። ሁለቱ ፖሊሶች በዚያ መንገድ እየተንገጫገጩ ሄዱ፤ ፉፋ ጉበቱና ጨጓራው ቦታ ተለዋውጠዋል አለ። ሌታ ድንች ከምሮ፣ ከራዲዮ የሠራትን የወርቅ መፈለጊያ መሣሪያ በጆንያ ሸፍኖ ተቀበላቸው። በዚህች መሣሪያ እስካሁን ያገኘው የማረሻ ብረትና አንድ የጠፋ ቁልፍ ነው።

«ያን ማታ የት ነበርክ?»

«ታስሬ።»

«የት?»

«እዚሁ ጎጆ ፖሊስ ጣቢያ። የሰው ገብስ ማሳ ቆፍረሃል ብለውኝ።» ፈገግ አለ። «ከናንተ የተሻለ ምስክር ማን አለኝ ኢንስፔክተር? የተኛሁበትን ሁሉ ጽፋችሁ ይዛችኋል።»

ፉፋ እየተመለሱ «እንዲህ ያለ ምስክር እግዜር ለሁላችን ይስጠን» አለ።

ዳዲን አምቦ የባጃጅ ተራ ላይ ነው ያገኙት፣ ኮፍያውን እስከ አፍንጫው ደፍቶ። ያዙት። ወደ ጣቢያ የሚወስደው አጭሩ መንገድ በገበያው መሃል ነበር፤ ዶርቃስ አጭሩን መረጠች። ወሬው ቀድሟቸው ገብቷል። «የሙት ሌባ» አለ አንዱ፤ ከዚያ ድንች ተወረወረ፣ ከዚያ ድንጋይ። ጣቢያ ሲደርሱ የዳዲ ከንፈር ለሁለት ተሰንጥቋል። ዶርቃስ መሐረቧን አውጥታ ሰጠችው። ሩቁን መንገድ መምረጥ ትችል እንደነበር ታውቃለች። ይሄን ግን አልነገረችውም።

«እኔ ነኝ» አለ ዳዲ፣ ገና ሳይጠየቅ። «ቆፈርኩ። አጥንቱን ሐይቅ ውስጥ ጣልኩ። ውሸቴ እንዳይገለጥ።»

ፖሊስ ሐይቁን ሁለት ቀን በመንጠቆ ሲያስስ ዋለ። አንድ የተሰበረ ቀንበርና የግራ ጫማ ወጣ። ፉፋ ጉማሬው የቀኝ ጫማውን ይፈልጋል አለ። በዳር የቆሙት ሰዎች አልሳቁም። እያንዳንዳቸው ስለ ሰማያዊው ዓይን አንድ አንድ ቃል የጨመሩ ናቸው፤ አሁን ዓይናቸውን ውሃው ላይ ተክለው፣ ባይሳ ድንገት ወጥቶ በስማቸው እንዳይጠራቸው የሚፈሩ ይመስላሉ።

ዶርቃስ ወደ እስር ቤቱ ተመለሰች።

«ዳዲ፣ ስትቆፍር አፈሩን ምን ላይ አደረግከው?»

«መሬት ላይ ነዋ። ሰማይ ላይ ላድርገው?»

«ድንጋዮቹንስ?»

«ወረወርኳቸው፤ ማን ያያል?»

ዶርቃስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አንተ አልቆፈርክም።»

ዳዲ ከንፈሩን ዳሰሰ። «እድሜ ልኬን ስዋሽ ሁሉም አመነኝ። ዛሬ አንዴ ለደህና ነገር ብዋሽ አንቺ አታምኚኝም።»

«ለማን ብለህ ነው?»

ዳዲ ኮፍያውን እስከ አፍንጫው ደፋ።

በማግስቱ ሁሊያን የምስክርነት ቃል ሊሰጥ አምቦ መጣ። ፉፋ ብዕሩን አነሳ። ፖሊስ ጣቢያ ሰው የሚጻፈው እስከ አያት ነው፤ በፊት ግን ፉፋ ከፓስፖርቱ ገልብጦ ነበርና አልጠየቀውም። አሁን ዶርቃስ ደንቡን ተከትላ ጠየቀች።

«ሙሉ ስም?»

«ሁሊያን።»

«የአባት ስም ባኤዛ፣ የአያት ስም ሞሊና። ትክክል ነው?»

«አይደለም። አባቴ አንድሬስ ነው። አያቴ ቶማስ።»

ፉፋ ብዕሩን አስቀመጠ። «ታዲያ ባኤዛ ማነው?»

«ባኤዛ ሰው አይደለም» አለ ሁሊያን። ወረቀት ጠየቀና ካርታ ሣለ፤ የወይራ ዛፍ የከበባት አንዲት ትንሽ ኮረብታ። «ከተማ ናት። ድሮ ሮማውያን ነበሩ፣ ከዚያ ዓረቦች ያዟት፣ በያሳ አሏት። ከዚያ ንጉሡ ወሰዳት፣ ባኤዛ ሆነች። እዚያ ስትኖሪ ባኤዛ አትባዪም፣ ሁሉም ከባኤዛ ነውና። ስትወጪ ነው፤ ሌላ አገር ስትደርሺ ያ ከባኤዛ የመጣው ይሉሻል። ያ ከልጅ ወደ ልጅ ወረደ። ስሙ የሄደ ሰው ስም ነው» አለው ለፉፋ።

«ሞሊናስ?» አለች ዶርቃስ።

«እናቴ። እኛ ጋ ከአባት ቤት አንድ፣ ከእናት ቤት አንድ እንይዛለን። የእናቴ ቤተሰብ እዚህ መጥቶ አያውቅም።»

ሞሊና እናት ከሆነች ሙሊሳ የማንም ዘመድ አይደለም። ባኤዛ የከተማ ስም ከሆነ ባይሳ የማንም አባት አይደለም፤ ከነገራ በቀር።

«ሞሊና እናትህ መሆኗን ለማን ነግረሃል?»

ሁሊያን ወደ መስኮቱ ዞረ። «ማንም አልጠየቀኝም።»

ሲወጣ ፉፋ እጁን አሻሸ። «ያዝነው። አጥንቱ ቢመረመር እንደማይገጥም ያውቅ ነበር። አውጥቶ የደበቀው እሱ ነው።»

«ፈረንጅ እንሰት ሲቆርጥ ቢታይ ወንጪ ለወር ያወራው ነበር። ደግሞ እሱ ለሙት አበባ ነው የሚያመጣው» አለች። «ቅጠል የሚያነጥፈው አፈሩ ተመልሶ የሚገባ መሆኑን የሚያስብ ሰው ነው። አንድ ቀን ሊመልሰው ያሰበ።»

ከዚያ ሆስፒታል ሄደች። ሶረቲ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስታወራ በየሦስት ቃሉ ትንፋሽ ትወስዳለች። በስስ አንሶላ ተሸፍና ትንቀጠቀጣለች። አጠገቧ ያለችው በሽተኛ ዶርቃስን ገላመጠቻት፤ ሰው እንዲህ ሲበርደው ታያለሽ አይነት።

«ልብስ አላመጡልሽም?»

«ቡልኮ ነበረኝ። አባባ ወሰደው።»

«መቼ?»

ሶረቲ ዓይኗን ጨፈነች። «ለሚበርደው ሰው ልስጠው አለኝ። ያን ሌሊት ዳዲ በሞተር አባባን ይዞት ሄደ። አባባ ሊነጋ ሲል ተመለሰ፤ እጁ አፈር አፈር ይሸት ነበር።» ከዚያ ዓይኗን ሳትከፍት፣ እንደ ወይዘሮ «አዴ» እያለቻት፣ «ማን እንደበረደው አልጠየቅኩትም፣ አዴ ዶርቃስ። ከጠየቅኩት ይነግረኛል ብዬ ፈራሁ» አለች።

ዶርቃስ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። አንድ ጨለም ያለ ቤት፣ አንድ የጭቃ መደብ፣ አንድ ወፍራም ክርን ትዝ አላት። ፉፋ በሩ ላይ ዳቦ ይበላል።

«ፉፋ፣ ያን ዕለት ኦቦ ነገራ ቤት ምን ላይ ነበር የተደገፍከው?»

ፉፋ ማላመጡን አቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ጊዜ ያን ክርኑን በሳሙና ሲያጥብ ይታይ ነበር፤ ቆዳው አልቆ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል እስከማለት ተደርሷል።

በእሁድ ሁሉም ነገራ ቤት ተሰበሰቡ፤ ነገራ፣ ሁሊያን፣ ከንፈሩ ያበጠ ዳዲ፣ ሁለቱ ፖሊሶች። ፉፋ በርጩማ ቢሰጡትም ቆሞ ቀረ። የተጠቀለለው ቡልኮ መደቡ ላይ እንዳለ ነው።

«ኦቦ ነገራ፣ የሶረቲ ቡልኮ እዚህ ምን ይሠራል?» አለች ዶርቃስ።

ሽማግሌው ሄዶ ጥቅሉ አጠገብ ተቀመጠ፤ በሽተኛ አጠገብ እንደሚቀመጡት።

«ይበርደዋል ብዬ ነው» አለ። «ይሄ ራሱ ሲተኛበት የነበረ መደብ ነው። እዚሁ ነው የሞተው።»

«ለምን አወጧቸው?»

«ስሙን ሰጠሁ። ፈረንጅ ነበር ሲሉ አዎ አልኩ። ዓይኑ ሰማያዊ ነበር ሲሉ አዎ አልኩ። አባቴ ጥቁር ነበር፣ እንደዚህ ማሳ አፈር። ለልጄ ብዬ ዋጥኩት። አጥንቱን ሊሰነጥቁት ነው ሲባል ግን አቃተኝ። ደግሞ ቢሰነጥቁት የኔ ነው እንጂ የሁሊያን አይሆንም፤ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ትቀራለች። ቢጠፋ ግን ጠፋ ይባላል እንጂ ውሸት ነበር አይባልም።» ዳዲን አየው። «ይሄ ልጅ ተሸክሞኝ ሄደ እንጂ አካፋ አልነካም።»

«በኔ አሳብ ያልኩት እኔው ነኝ፤ አፌ ያመጣውን እኔ ልብላው ብዬ ነው» አለ ዳዲ ወደ መሬት እያየ።

ያኔ ሁሊያን ተነሳና ከሽማግሌው ፊት በርከክ አለ።

«አንቺ ጥፋተኛ አይደለሽም» አለው።

ማንም አልሳቀም።

«እኔ ከመጀመሪያ ቀን አውቄ ነበር። ፓስፖርቴን ስታዩ፣ ሞሊና ሙሊሳ ስትሉ አወቅኩ። አባቴ ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው። ልጅ ሆኖ ነው አባቱ የሄደበት። በየእሁዱ ይደውላል፤ አገኘኸው ይለኛል። ሌላ አያወራም። እኔ ዝም ካልኩ መቃብር ይኖረዋል ብዬ ዝም አልኩ።»

«እህትህ አጥንቱ ይመርመር ስትልስ?» አለች ዶርቃስ።

«መቃብሩ ባዶ ሆኖ ሳገኘው ደነገጥኩ። ግን ደስ አለኝ። ይቅር በዪኝ።»

ነገራ ቀና ብሎ አየው። «የሶረቲስ ነገር እንዴት ሊሆን ነው?»

ሁሊያን አንገቱን ደፋ። «የሶረቲ ነገር ከመቃብሩ ጋር አንድ አልነበረም። ሐኪሙ ጓደኛዬ ነው፤ ዘመድ ትሁን አላለም። በሚቀጥለው ወርም ትሄዳለች፣ አጥንት ቢገጥምም ባይገጥምም። እናንተ ስታያይዙት አየሁ። አልነገርኳችሁም። ከነገርኳችሁ መቃብሩን አትሰጡኝም ብዬ።»

ውጭ ነፋስ የእንሰቱን ቅጠል ያንኳኳል። ነገራ እጁን ቡልኮው ላይ አሳረፈ።

«እንግዲያው አባቴን ያስነሳሁት ለማን ነው?» አለ።

ለሁሉ ጥያቄ ሁለት መልስ ያለው ዳዲ የቡልኮውን ጫፍ አስተካከለ።

በዚያ መሃል የሁሊያን ስልክ ጮኸ። አየውና አላነሳውም። ቆመ። እንደገና ጮኸ።

«አባትህ ነው?» አለ ነገራ።

«አዎ። እሁድ ነው።»

ነገራ ጥቅሉን አየ፣ ስልኩን አየ። ፊቱ ሰው ደጁ ቆሞ ሲለምነው የሰማ ሰው ፊት ነበር።

«አንሳው» አለው። «አግኝተነዋል በለው።»

ዶርቃስ ተነስታ ወደ ውጭ ወጣች። ስፔንኛ አታውቅም፤ ግን ላለመስማት ወጣች። ከጀርባዋ የሁሊያን ድምፅ ይሰማል። ካወራው ሁሉ የቤቱ ሰው ለይቶ የሰማት ቃል አንዲት ናት፤ ባኤዛ ይበል ባይሳ ግን ማንም አላወቀም።

ያን ዕለት ከሰዓት ባይሳን መለሱት። ዳዲ አዲስ የእንሰት ቅጠል ቆረጠ፣ ነገራና ሁሊያን ቡልኮውን በሁለት ጫፍ ይዘው ሽቅብ ወጡ፣ ፉፋ ድንጋዩን ደረደረ። መንደርተኛው አንድ በአንድ እየመጣ አንድ አንድ እፍኝ አፈር መለሰ። ስለ ሰማያዊው ዓይን ያስታወሱት ሽማግሌ ከሁሉም አብልጠው አፈር አለበሱት። ሁሊያን በማግስቱ ቀኑን ሙሉ መቃብሩ አጠገብ ተቀምጦ ዋለ፤ የራሱ አያት የት እንደወደቁ እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ዶርቃስ ሪፖርቷን ጻፈች። «ቤተሰቡ አጥንቱን ለጥበቃ ከስፍራው አንስቶ በቤቱ አቆይቷል፤ በኋላም መልሷል» ይላል። የሁሊያን ስም የለም፤ ሞሊና የለችም፤ ገበያው መሃል የተወረወረው ድንጋይም የለም። የልጅቷ ጉዞ እንዳይሰናከል ብላ ነው። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ቃሎቹ ተሰፍተው ሲታዩ ግን ልብሱ የሌላ ሰው ነው።

ሶረቲ ሄደች። ሰኔ ላይ የዶርቃስ ስልክ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። ድምፁ የሶረቲ ነው፤ በየሦስት ቃሉ የሚቆም አልነበረም።

«አዴ ዶርቃስ፣ አካም ጅርታ? እኔ ደህና ነኝ፣ ቀድደው ሰፍተውኛል፣ አሁን ደረጃ እወጣለሁ። እዚህ ሶረቲ ነገራ ባይሳ ስላቸው ነገራን የአባቴ ቤት፣ ባይሳን የእናቴ ቤት አድርገው ነው የያዙት። ነርሷ ባይሳ እናትሽ ናት? አለችኝ። አያቴ እዚህ ደግሞ ሴት ሆነልሽ። ላርማት አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ ከየት ልጀምር? አዎ አልኳት።»

ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ።

«የሁሊያን አባት ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር፣ በወንበር እየገፉት። ዓይኑ አያይም። እጄን ይዞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ መቃብሩን አይተሻል? አለኝ። አዎ፣ አይቼዋለሁ አልኩት። ድንጋዩ እንዴት እንደተደረደረ፣ ከላዩ ሐይቁ እንዴት እንደሚታይ ነገርኩት። አለቀሰ። እሱ እውነት ነው አይደል አዴ? መቃብሩንማ አይቻለሁ። ኃጢአት ነው?»

ዶርቃስ መልእክቱን እንደገና ሰማችው። መልስ ለመቅዳት ቁልፉን ተጫነችና ምንም ሳትናገር ለቀቀችው።

ፉፋ በሩን ገፍቶ ገባ፤ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ሳሙና ይዟል።

«ምነው ኢንስፔክተር፣ ፊትዎ ጠቆረብኝ። ደህና ነዎት?»

ስልኩን ፊቱን ወደ ታች አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ደህና ነኝ» አለች።